ዘጠኝ ሺህ ጨዋታ

ጠባሴ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ አንዲት የቆርቆሮ በር፤
ውስጧ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ጆይስቲክ፣ ሦስት አግዳሚ ወንበር።
ከጆይስቲኮቹ አንዱ ሳይነኩት ወደ ግራ ያዘነብላል፣
ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል።
«በሽተኛውን ለእኔ» ብሎ የሚሻማ አለ ደግሞ፣
ለሽንፈቱ ሰበብ ይዞ ሊገባ አስቀድሞ።

ትናንት ጥላዬ ደወለ፣ ከመርካቶ፦
«አዲሱ ሊወጣ ነው፣ ቀኑ ታውቋል ለይቶ።
በመጀመሪያው ጭነት አምስት ብቻ ነው የማገኝ፣
አራቱ ተይዟል፤ አምስተኛውን፣ ላንተ ብዬ... እስከ ነገ ማታ ቁርጡን ንገረኝ።»
ዋጋውን ጠየቅኩት። ነገረኝ።
ስልኩን ከጆሮዬ ነጥዬ ፊቱን አየሁት፣
ቁጥሩ የተጻፈበት ይመስል፣ ባዶውን አነበብኩት።

መቶ ሰማንያ ሺህ።

እቁቡ ወጥቶልኛል። ዳኛው ጋሽ ደምሰው
ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ቆጥረው ሰጡኝ፣ እንደ ድሮ ሰው።
በፌስታል ጠቅልዬ ከፍራሹ ሥር አኖርኩት፣
ሌሊቱን እየተገላበጥኩ በጎኔ ቆጠርኩት።

የሺመቤት ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ስትመለስ በጨዋታ ቤቱ በኩል ገባች፣
ጸጉሯ ላይ የሱፍ ብናኝ፤ ሳትቀመጥ ጣሪያውን አየች።
«እዚህ ጋ ያፈሳል፣ እዚህም፤ እዚያ ደግሞ ከነሐሴ ወዲህ።
በአዲሱ ማን ሊጫወት ነው? ዝናቡ ነው ወይስ ልጆችህ?»
ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። የአንድ ቤት ሁለት ዝምታ፣
አንዱ ቆርቆሮ ይገዛል፣ አንዱ ደግሞ ጨዋታ።

ማዶ አሸብር በሩ ላይ በጠመኔ ጽፏል፦ «አዲሱ በቅርብ ቀን»፣
ቅርብነቱን ለማስረዳት ሦስት ቃለ አጋኖ አቁሞ ጎን ለጎን።
ንግድ እንዲህ ነው፣ አውቃለሁ፤ ቀድሞ የገዛ ነው ሰፈር የሚገዛ፣
የዘገየ ባዶ አግዳሚ እየጠረገ ይኖራል እንደተገዛ።
ግን እኔ እሱን ልግዛው ስል፣ እሱ እኔን ቢገዛኝሳ?
ለአንድ ሳጥን ሎሌ ሆኜ ዓመት ሙሉ ማልጄ ብነሳ?

ምንተስኖት ዘጠነኛ ክፍል ነው። የሒሳብ ደብተሩን ገለጠ፣
እርሳሱን ነክሶ አካፈለ፤ ዜሮ ቆረጠ።
«አንዱ ጨዋታ ሃያ ብር፤ ጋሼ፣ ዘጠኝ ሺህ ጨዋታ ማለት ነው፤
በቀን ሠላሳ ብንጫወት፣ ሦስት መቶ ቀን ነው፣
መብራት ካልጠፋ።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።
እሱ ግን አልሳቀም፤ የጠፋበትን ቀን ሊደምር ደብተሩን መለሰ።

ዘጠኝ ሺህ ጊዜ ፊሽካ፣ ዘጠኝ ሺህ ጊዜ «ዳኛው ሌባ!»፤
ይሄ ልጅ ድምፁ ጎርንኖ አሥረኛ ክፍል ሲገባ፣
እኔም ገንዘቤን መልሼ የመጀመሪያዋን ትርፍ ልቆጥር ስል፣
ጥላዬ ይደውላል፣ «አዲሱ ሊወጣ ነው» ሲል።

የእኔው አሮጌ ሲሞቅ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤
በኅዳር ውርጭ ግን ተራ ጠባቂ ሁሉ ከጀርባው ይሰበሰባል፣
ከማራገቢያው ትንፋሽ ጣቱን ያሞቃል።
ታሪኩ አለ፣ የጫኝና አውራጁ የማንደፍሮ ልጅ፤
ሃያ ብር ኖሮት አያውቅም፤ ይዞ የሚመጣው ሁለት የደነዘዘ እጅ።
ጥላዬ ስለ አዲሱ «ድምፅ የለው፣ ሙቀት የለው» አለኝ፤
እንደ ምርቃት ነው የነገረኝ። እኔ ግን እነዚያ እጆች ታዩኝ።

ዛሬ ማታ፣ ምንተስኖት ሁለት ለባዶ እየተመራ፣
መብራት ጠፋ፤ ደብረ ብርሃን በስሟ ብቻ በራች፤
በጨለማው አንድ ድምፅ፦ «ገብታ ነበር! መስመሩን አልፋለች!»
አሮጌው ሲቀዘቅዝ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ እንደ ሽማግሌ ጉልበት፤
ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። እጆች ነበሩበት።

ስልኬ ጮኸ። ጥላዬ። አንዴ፣ ደግሞም ሁለተኛ፤
ፊቶች በብርሃኑ ሰማያዊ ሆነው ዞሩብኝ፣ ሁሉም ዳኛ።
«እሺ?» አለኝ፣ «ሰው ቆሞብኛል፤ ላስቀምጠው ወይስ ልሽጠው?»
ቀና አልኩ። በጣሪያው ቀዳዳ አንድ ኮከብ፤ ማን ይሆን እዚያ ያስቀመጠው?

«ሁለተኛው ጭነት መቼ ነው?» አልኩት።
ከልጆቹ አንዱ በረጅሙ ተነፈሰ፤ አዝኖ ይሁን ደስ ብሎት፣ አልለየሁት።